ጥሩምባ ቤት ይገባል ወይ?

ሱቄን የዘጋሁት ጆሮዬ ደክሞ አይደለም። ጆሮዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው፤ የደከመው ሥራው ነው። ድሮ ሬዲዮ ሲበላሽ ባለቤቱ እንደ ታመመ ልጅ በነጠላ ጠቅልሎ ያመጣው ነበር። ዛሬ ጡብ የምታህል፣ ከስልክ እየተቀበለች የምትዘፍን ዕቃ ከገበያ ትገዛለች፤ ስትሰበር ትጣላለች፤ ሌላ ትገዛለች። እኔም መበየጃ ካውያዬን አቀዝቅዤ፣ የብየዳ ሽቦዬን ጠቅልዬ በሬን ዘጋሁ።

ዕቃ ስሰበስብ አንድ መምህር መጣ። የቆየ ደንበኛዬ ነው፤ ሙዚቃ ነፍሱ ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የውጭ አገር ሰው ሳሎን ነው። በግራና በቀኝ የሰው ቁመት የሚያህሉ ሁለት ጥሩምባዎች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፍኗል።

"እትዬ ዘነበች፣ እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት" አለኝ። "ግማሹ 'ለቤት እንደ ጥሩምባ ድምፅ ማጉያ የለም' ይላል። ግማሹ 'ጥሩምባ ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም' ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሳቅኩኝ። "ይሄ ጭቅጭቅ ጂንካ ላይ የተጀመረው አንተ ሳትወለድ ነው" አልኩት።

"በማንና በማን መካከል?"

"በእኔና በጋሽ መኮንን።"

"ማን ረታ?"

"ቁጭ በል።"

ቁጭ አለ። ግን የሚያስተምርበት ሰዓት ደርሶበት ግማሹን ሳይሰማ ሄደ። ሙሉውን እዚህ ጽፌለታለሁ።

ጋሽ መኮንን ጂንካ የመጡት በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ነው። በጦሩ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ሰው ሁሉ ወደየአገሩ ሄደ፤ እሳቸው እህታቸውን ሊጠይቁ መጥተው በዚያው ቀሩ። ከአውሮፕላን ሜዳው ፊት ለፊት፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀመጡ። ያኔ ሜዳው ከተማው መሐል የተዘረጋ ሣር ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ይባረራል፣ ኳስ ይቆማል፤ ሲሄድ ከብቱም ኳሱም ይመለሳል።

እኔ ከበረንዳው ሥር ሙዝ እሸጥ ነበር። አባቴ የአሪ ብሔረሰብ ገበሬ ነው፤ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። አማርኛውንም ቢሆን ግማሹን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ በጋሽ መኮንን ጠረጴዛ ላይ ሲጠገን የሚውለው ሬዲዮ ነው። አንድ ቀን አንድ ቴፕ ጠግነው ለባለቤቱ ሊያስረክቡ ሲሉ ከሙዜ ጀርባ ሆኜ፣ "ጋሼ፣ ዘፋኙን ጉንፋን ይዞታል" አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። ቴፑን መልሰው ከፈቱት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። እውነትም የስፒከሩ ወረቀት ሲንቀጠቀጥ ከማግኔቱ ጋር በትንሹ ይታከክ ነበር።

"ነገ ሙዝሽን ለእህትሽ ስጪና ነይ" አሉኝ። እንዲሁ ተጀመረ።

ስለ ጋሽ መኮንን ልማድ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። አንደኛ፣ ማንም ሰው የተበላሸ ነገር ይዞ ሲመጣ "ምን ሆነ?" አይሉም። "የሚሰማው ማነው? የት ተቀምጦ?" ነው የሚሉት። ሰው ይናደዳል። "ጋሼ፣ የተበላሸው ሬዲዮው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!" ያላቸው ሥጋ ሻጭ ትዝ ይለኛል። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ "አንተ ሥጋ ስትሸጥ ለክትፎ ነው ለቅቅል ብለህ አትጠይቅም?" አሉት። ሬዲዮውን የሚያስቀምጥበትን ነገራቸው።

ሌላው ልማዳቸው፣ ሰው እያየ ድምፅ ከፍ አያደርጉም። "ጩኸት ጉድለት ይሸፍናል። በቀስታ መናገር ያቃተው ስፒከር ቢጮህም አይናገርም" ይላሉ። የመጨረሻው ደግሞ ማይክ ሲፈትሹ እንደ ሌላው ሰው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አይሉም፤ የባለቤቱን ስም ይጠራሉ። ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አጥርቶ የሚያውቀው ድምፅ የገዛ ስሙን ነው፤ ስሙ ትክክል ከተሰማው ሌላው ሁሉ ትክክል ነው። ይህን ልማድ ወረስኩት። መዘዙን በኋላ ታያላችሁ።

ጭቅጭቃችን የተነሣው አንድ የጸሎት ቤት የተሰነጠቀ ጥሩምባ ለጥገና ሲያመጣ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህን ነው፤ ቆርቆሮ ሆኖ አፉ የሰፋ፣ ከጀርባው ድምፁን የሚወልድ፣ እኛ "ዩኒት" የምንለው ክብ ነገር የሚገጠምለት። ጠገንነውና ሞከርነው። የሞከርነው ሊሞት በደረሰ ባትሪ ነበር። በዚያው ባትሪ የሣጥን ስፒከር፣ ማለት በእንጨት ሣጥን ውስጥ የታሸገውን፣ ስናሠራ የሚያቃስት ድምፅ ነበር የሚያወጣው፤ ጥሩምባው ግን ጥርት አድርጎ ተናገረ። ደነገጥኩ።

"ጋሼ! መብራት በሌለበት አገር ለእያንዳንዱ ቤት ይሄ ነበር የሚያስፈልገው!"

"ጥሩምባ ለገበያ፣ ሣጥን ለቤት" አሉ ቀና ሳይሉ።

"ለምን?"

"ጥሩምባ ያዝዛል። ጦር ሰፈር ውስጥ በየማለዳው የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። ከሚያዝሽ ነገር ጋር አብረሽ ራት አትበይም።"

"ዝናብ ሲመጣስ? ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሣጥን ማን ይሰማል?"

"ዝናብ ሲመጣ ዝናቡን መስማት ነው።"

ክርክሩ ሲከርር ጋሽ መኮንን ጋቢያቸውን በገመድ ሰቀሉ፤ ከጋቢው ጀርባ ሣጥንና ጥሩምባ አኖርን። አላፊ አግዳሚውን እየጠራን አንድ ካሴት በሁለቱም እናሰማለን። የጸሎት ቤቱ መዘምራን መሪ "የመጀመሪያው" አለ፤ ሣጥኑ ነበር። "በሁለተኛው ውስጥ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶቼ የሉም፤ የት አደረሳችኋቸው?" ሥጋ ሻጩ "ሁለቱንም ዝጉልኝ" አለ። ከኦሞራቴ የደረቀ ዓሣ ይዞ የመጣ አንድ የዳሰነች ብሔረሰብ ነጋዴ ግን ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። በኋላ ሣጥኑ ወዳለበት እያመለከተ፣ "ይሄ ሰውዬ በርሜል ውስጥ ነው" አለ። ወደ ጥሩምባው ዞረና፣ "ይሄ ሰውዬ እዚህ ነው፤ አጠገቤ። ግን ተቆጥቷል" አለ።

ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ስለ ድምፅ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ እንደሱ አሳጥሮ የነገረኝ የለም። ቅርብ ነው፣ ግን ተቆጥቷል። የእኔም ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሆነ፤ ቅርብነቱን አስቀርቶ ቁጣውን ማብረድ ይቻላል ወይ?

መልሱን ሳላስበው ያገኘሁት ካንጋተን በምትባል የኦሞ ሸለቆ ከተማ ላይ ነው። ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በድምፅ ሠራተኛነት ቀጥሮኝ በየወረዳው እዞር ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ ዘግይቶ የሚመጣ ነበር፤ እሱን እንለፈው። ኦሞራቴ ላይ ሙቀቱና አቧራው የሣጥን ስፒከሮቼን ወረቀት እንደ ቅጠል ጠቀለለብኝ፤ ጥሩምባ ግን ወረቀት ስለሌለው ምንም አልሆነም። ኮልቾ መንደር አፋፉ ላይ ነፋሱ ከኦሞ ወንዝ እየተነሣ ድምፁን ነጥቆ ይወስደው ነበር። ካንጋተን ደግሞ አለቃዬ በትልቅ ዛፍ ሥር ለኛንጋቶም ብሔረሰብ ሽማግሌዎች ንግግር ሊያደርጉ መጡ።

አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ማይክ ሲይዙ ግን ወንዙ ማዶ ያለ ሰው ካልሰማቸው የተናገሩ አይመስላቸውም። "ከፍ አድርጊው ዘነበች! ከፍ!" ይላሉ። ከፍ አደረግኩት። ትንሽ እንደተናገሩ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ትናንሽ በርጩማዎቻቸውን እያነሡ ሄዱ። አለቃዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ረግጠው ወጡ!" ብለው ወደኔ ዞሩ። ረግጠው አልወጡም። ዞረው መጥተው ከጥሩምባው ኋላ ተደርድረው ተቀመጡና ይሰሙ ጀመር።

ንግግሩ ሲያልቅ አስተርጓሚውን ይዤ አንዱን ሽማግሌ ጠየቅኩ። "አባቴ፣ ለምን ከኋላ?"

"ከፊት ለፊቱ ይጮሃል" አሉኝ። "ከኋላው ያወራል።"

ጂንካ ስመለስ ለጋሽ መኮንን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "ከኋላው ሰሙት?" አሉ። ቀጥለው ለራሳቸው፣ "ስለዚህ የተቆጣው ሰውዬው አይደለም፤ አፉ የዞረበት አቅጣጫ ነው" አሉ። ግን እንዳትሳሳቱ፣ አልተሸነፉም። "ጥሩምባ ለገበያ" ብለው ካውያቸውን አነሡ።

ከዓመታት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። አሁን ወደ እማማ ሳራ መጣሁ።

እማማ ሳራ ጎረቤቴ ነበሩ። በወጣትነታቸው በጸሎት ቤቱ መዝሙር የሚያነሡት እሳቸው ነበሩ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሯቸው ደከመ። መጀመሪያ ወፍ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ ሕፃናት፤ በመጨረሻ አጠገባቸው የሚያወራ ሰው። መዝሙሩ ሲያልቅ እሳቸው ገና እየዘመሩ መሆናቸውን በሰው ፊት ካዩ በኋላ ጸሎት ቤት መሄድ ተዉ።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ሐና ትባላለች። ከተማችን የራሱ ሬዲዮ ሲኖረው ሐና በአሪኛ ዜና አንባቢ ሆነች። ይሄ ለእኛ ምን ማለት እንደነበር ላስረዳችሁ አልችልም። ዕድሜያችንን ሙሉ ሬዲዮ የሰው ቋንቋ ሲናገር ሰምተናል፤ ያን ቀን የእኛን ተናገረ። ሰው ገበያ ላይ እማማ ሳራን ባገኘ ቁጥር እጃቸውን ይስምና፣ "ልጅዎን ሰማናት! ትናንትም ሰማናት!" ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን ሱቄ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። "ዘነበች፣ አገሩ ሁሉ ልጄን ሰምቷል" አሉኝ። "ያልሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ሳልሰማት ልሙት?"

ሐና ከዚያ በፊት ትልቅ የሣጥን ስፒከር ገዝታላቸው ነበር። ሄጄ አየሁት። የሚያምር ዕቃ ነው፤ ወጣቶች የሚወዱት፣ ደረት የሚመታ። "ምን ይሰማዎታል?" ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ።

"ወፍጮ ቤት" አሉኝ። "ልጄ ወፍጮ ቤት ገብታለች።"

ገባኝ። የእሳቸው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አላጣም፤ ያጣው ቀጭኑን ነው፤ "ስ" እና "ት" እና "ፍ" የሚሰሙበትን፣ ቃልን ከቃል የሚለየውን። ሣጥኑ የሚያበዛው ደግሞ ያላቸውን ነው። ጥሩምባ የሚበረታው ግን በጎደላቸው በኩል ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ የገበያ ጥሩምባ፣ አምፕሊፋየርና ማይክ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ሐና ለሥራ ወጥታለች። እማማ ሳራ ያን ሰሞን ወባ አሟቸው ስለነበር አልጋ ላይ ናቸው። ጥሩምባውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በሩ ክፍት ነበር። ማይኩን አበራሁ። እንደ ጋሽ መኮንን ልማድ የባለቤቱን ስም ጠራሁ።

"ሳራ... ሳራ ዮሐንስ... ሳራ..."

እንግዲህ አስቡት። በእኛ ሰፈር በማለዳ ጥሩምባ የሚነፋው ለአንድ ነገር ነው። የእድሩ ለፋፊ ጋሽ ጴጥሮስ ሰው ሲሞት በድምፅ ማጉያ የሟቹን ስም እየጠሩ ያልፋሉ። አሁን ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዓይነት ድምፅ፣ ወባ የያዛቸው አሮጊት ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ።

መጀመሪያ የሰማሁት የአንዲት ሴት ጩኸት ነው። "ወይኔ ሳራ!" ከዚያ ሌላዋ። ሳላስበው ጓሮው ሞላ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እየጮሁ ገቡ፤ ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ እንጨት ይዘው መጡ። ማይኩ ጠረጴዛው ላይ እንደበራ ነው። የገባው ሰው ልቅሶ ሁሉ በማይኩ ገብቶ በጥሩምባው ይወጣል፤ ጥሩምባው ሲያለቅስ ውጭ ያለው ደግሞ ይብሳል። የማይኩ ፉጨትም ተጨመረ። ሶኬቱን ለመንቀል ስሯሯጥ እማማ ሳራ አልጋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ለቀስተኛው ቀጥ አለ።

"ማነው የሞተው?" አሉ።

ጋሽ ጴጥሮስ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ደርሰው፣ እሳቸውን አዩ፣ ጥሩምባውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ዘነበች! ያለ እኔ ማን ግደዪ አለሽ?" አሉ። ሰው ሳቀ፤ ከድንጋጤው የተነሣ እያለቀሰ የሳቀ ነበር።

ሐና ግን አልሳቀችም። መንገድ ላይ ሰምታ፣ ጭቃ ላይ እየወደቀች እየተነሣች ነበር የደረሰችው። እናቷን ቁጭ ብለው ስታይ በሩ ላይ ተንበረከከች። ቀና ስትል ጥሩምባውን አወረደችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "እናቴን በቁሟ ቀበርሻት። ይሄ ነገር ሁለተኛ ቤቴ እንዳይገባ" አለች። የእድሩ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው፣ በየቤቱ ጥሩምባ ከተነፋ የሞተውን ካልሞተው መለየት አይቻልም ብለው ከለከሉኝ። እውነታቸውን ነው።

በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ተሸንፌ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ከሁሉም ነገር በፊት የሚጠይቁትን ግማሹን ብቻ ነበር የጠየቅኩት። የሚሰማው ማነው አልኩ፤ የት ተቀምጦ፣ ሌላስ ማን ይሰማል አላልኩም።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ እማማ ሳራን በደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጄን ይዘው ሳቡኝ። "ሰማሁ እኮ" አሉኝ።

"ምን ሰሙ?"

"ልቅሶዬን! አንድ በአንድ። ያቺ በዶሮ ምክንያት የተኳረፍን ጎረቤቴ አለች አይደል? 'ሳራዬ' አለች። ከሁሉ በላይ የጮኸች እሷ ናት። ታርቄያታለሁ።" ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ "ዘነበች፣ ያ ነገር ይናገራል። መልሺልኝ" ብለው ጮኹ።

ሐና ከቤት ውስጥ "ሰምቼሻለሁ እማዬ!" አለች።

ወደ ጋሽ መኮንን ሄድኩ። እርጅና ተጭኗቸው ጠረጴዛቸውን ትተው ነበር፤ ቤታቸው ከነሪ ወንዝ በላይ ነው። ሳቃቸው እስኪያበቃ ጠበቅኳቸው። "ለአንድ ወንበር ብቻ የሚናገር ጥሩምባ እፈልጋለሁ" አልኳቸው። "ጓሮ እንዳይሰማ። እንዳያዝዝ።"

"ቆርቆሮው ራሱ ይንጫረራል፤ ከቁጣው ግማሹ የቆርቆሮው ነው" አሉ። "ከባድ ነገር ይሁን። አፉ ይስፋ፣ ግን ቀስ ብሎ ይስፋ፤ በድንገት የሚከፈት አፍ ይጮሃል። ከዚያ ወንበሩ ሥር አምጪው፤ ቅርብ ከሆነ ኃይል አያስፈልገውም። ደግሞ ፊት ለፊት አትደቅኚባቸው።" ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ይሄን ስልሽ ግን ጥሩምባ ቤት ይገባል አላልኩም" አሉ።

አንገቱ ረጅም የሆነ ቅል ፈለግኩና ሆዱ ላይ ቆረጥኩት። ከአንገቱ ጠብቦ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ የፈለግኩት ቅርጽ ራሱ ነው። ቅል ግን ቀላል ነው፤ እሱም ይንጫረራል። ቅሉን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ሸክላ ወደምትሸጠው ማርታ ሄድኩ።

አገላብጣ አየችው። "ምን ይቀመጥበታል?" አለች።

"ድምፅ።"

"ድምፅ ያፈሳል እንዴ?" ብላ ሳቀች። ቀጥላ በጣቷ አንገቱን እየዳሰሰች፣ "የተገለበጠ የእንስራ አንገት ነው። ቀላል ነው" አለች።

ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያው ሲደርቅ ጠበበና ዩኒቱ አልገባ አለ። ሁለተኛውን አስፍታ ሠራችው፤ እሳት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ አፉ ስስ፣ አንገቱ ወፍራም ስለነበረ እኩል አልበሰለም። ማርታ ከእኔ በላይ ተናደደች። እንስራ ሠርታ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት በአንድ ጥሩምባ ልትሸነፍ ነው? ሦስተኛውን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ውፍረቱን ከላይ እስከ ታች በሁለት ጣቴ እየያዝኩ እነግራታለሁ፤ እሷ ታስተካክላለች። ጥላ ውስጥ ረጅም ጊዜ አደረቀችው። ከእሳት ሲወጣ በጥፍሯ መታችው፤ ደወል አልሆነም፣ "ድብ" አለ። ያ ነበር የምፈልገው።

ዩኒቱን በአንገቱ ላይ በማር ሰም አጣበቅኩት። ሰም ከብሎን ይሻላል፤ ክፍተት አይተውም፣ ንዝረትም ይይዛል። ኃይሉን ከትንሽ ሶላር አደረግኩት። አሁን የቀረው ሐናን ማስፈቀድ ነበር።

"ሥራሽን ስትጨርሺ ነይና ጓሮ ቁሚ" አልኳት። "አንዲት ቃል ከሰማሽ እዚያው ስበሪው።"

ማርታም፣ ጋሽ መኮንንም በከዘራቸው መጡ። ሸክላውን በእማማ ሳራ ወንበር አጠገብ፣ በቤቱ ማዕዘን በኩል አፉን ትንሽ ዘወር አድርገን አስቀመጥነው። እንደ ካንጋተን ሽማግሌዎች፤ ሙሉ በሙሉ ከኋላ ሳይሆን፣ ከፊት ለፊትም ሳይሆን። በሩን ዘጋሁ። ማይኩን ለጋሽ መኮንን ሰጠኋቸው። አፋቸውን አስጠግተው፣ እኔ ራሴ በጭንቅ በምሰማው ድምፅ፣ "ሳራ" አሉ።

እማማ ሳራ ዞር አሉ። "ማነው እንደ ባል በቀስታ የሚጠራኝ?" አሉ።

ጋሽ መኮንን ማይኩን ሊጥሉት ነበር። ማርታ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሐና ከጓሮ ገባችና፣ "ጀመራችሁ? ምንም አልሰማሁም" አለች። ከዚያ የእናቷን ፊት አይታ አጠገባቸው ተቀመጠች። በነጋታው ሥራ ስትሄድ "ዜናሽን ልክፈትላቸው?" ስላት፣ "ክፈቺላት" ብቻ አለችኝ።

የዜናው ሰዓት ሲደርስ እማማ ሳራ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሬዲዮውን ከዩኒቱ ጋር አገናኝቼ ከፈትኩት። የሐና ድምፅ ከሸክላው ወጣ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው አዳመጡ። እኔ እንባ ስጠብቅ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ምን ያጣድፋታል?" አሉ። "ማን ያባርራታል? ዘነበች፣ ቀስ በይ በያት!"

"ሬዲዮ ነው እማማ፤ አትሰማንም!"

"ሬዲዮም ቢሆን! ሰው 'እህ' የሚልበት እንኳ አልተወችም።"

የእኛ ሽማግሌዎች ሰው ሲያወራ ዝም ብለው አይሰሙም። ነገሩ አንድ ደረጃ በጨረሰ ቁጥር "እህ" ይላሉ፤ ያለዚያ ተናጋሪው ግድግዳ ያናገረ ይመስለዋል። እማማ ሳራ ልጃቸውን ሊሰሙ ብቻ አልነበረም የተቀመጡት፤ ሊመልሱላትም ነበር። እሷ ግን ፋታ አልሰጠቻቸውም።

ማታ ለሐና የእናቷን ወቀሳ ነገርኳት። ሳቀች። በሚቀጥለው ቀን ሬዲዮ ላይ የመጀመሪያውን ዜና አነበበች፤ ቆም አለች። ትንሽ ናት፤ አንድ ትንፋሽ። እማማ ሳራ ወንበራቸው ላይ ሆነው "እህ" አሉ። ሐና ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ሁሌም እንዲሁ ሆነ። ገበያ ላይ ሰው፣ "የአሪኛው ዜና ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያማረበት? ልብ ይሞላል" ይል ጀመር። ለምን እንደሆነ የምናውቀው ጥቂቶች ነበርን።

ጋሽ መኮንንን ጠየቅኳቸው። "ታዲያ ጋሼ፣ ጥሩምባ ቤት ይገባል?"

"ይሄ ጥሩምባ አይደለም" አሉኝ። "እንስራ ነው።" እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ እስከ ዛሬም አልተረቱም።

እማማ ሳራ ያረፉት ከዓመታት በኋላ ነው። ማለዳ ላይ ጋሽ ጴጥሮስ በድምፅ ማጉያቸው ስማቸውን እየጠሩ አለፉ። ሰው ከቤቱ ለመውጣት ዘገየ። "ዘነበች ናት፤ እየሞከረች ነው" ይባባል ነበር። እኔ እንኳን ስሰማው መጀመሪያ ያሰብኩት 'ማን ነው የሚሞክረው?' ብዬ ነው። በዶሮ የተኳረፈቻቸው ጎረቤት ብቻ ወዲያው ወጣች።

ሸክላውን ሐና ለእኔ ሰጠችኝ። መምህሩ ይህን ካነበበ መልሴ ይሄ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ከመጨቃጨቃቸው በፊት ይጠያየቁ፤ የሚሰማው ማነው? የት ተቀምጦ? ጎረቤቱስ? ጥሩምባ ጎረምሶች ቤዝ የሚሉትን ወፍራም ድምፅ አይሰጥም፤ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ግማሹን ያጣል፤ አቅጣጫውን የሳተ ሰው ሰፈር ያስለቅሳል። ለደከመ ጆሮ፣ ለደከመ ባትሪና ለአንድ ወንበር ግን እንደሱ አላየሁም።

አሁን ቤቴ ማዕዘን ላይ ነው። የጂንካ ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ወንበሬን አስጠጋና የዜናውን ሰዓት እከፍታለሁ። ሐና ዛሬም እንደዚያው ናት። አንድ ዜና ታነባለች፤ አንድ ትንፋሽ ቆም ትላለች።

"እህ" እላታለሁ።

ትቀጥላለች።